ስሙ ያልተጻፈው ባለ ወፍጮ

በእንግሊዛዊው ደራሲ በጄ. አር. አር. ቶልኪን "የቀለበቶቹ ጌታ" ውስጥ ቴድ ሳንዲማን የሚባል ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በ3 ቅጽ የወጣው ይህ ልብ ወለድ ነገሥታት፣ ጠንቋዮችና ጭራቆች የሚርመሰመሱበት ነው። ቴድ ግን የመንደር ባለ ወፍጮ ልጅ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። መጀመሪያ ላይ መጠጥ ቤት ተቀምጦ በሌላው ሰው ወሬ ሲያሾፍ ይታያል፤ ከዚያ ከታሪኩ ይጠፋል። መጨረሻው አካባቢ ጀግኖቹ ወደ መንደራቸው ሲመለሱ አሮጌው ወፍጮ ፈርሶ በቦታው ጭስ የሚተፋ ትልቅ ወፍጮ ቆሞ ያገኙታል። ቴድም አባቱ በራሱ ጌታ ሆኖ ይፈጭበት በነበረው ቦታ የባዕዳን መዘውር ጠራጊ ሆኗል። ደራሲው በልጅነቱ በርሚንግሃም አጠገብ ሴርሆል በሚባል መንደር ከወፍጮ ፊት ለፊት ኖሯል። ዱቄት የለበሰውን ወጣት ፈጪ እሱና ወንድሙ "ነጩ ጭራቅ" ይሉት ነበር ይባላል።

ቶልኪን ለባለ ወፍጮው ጥቂት ገጾች ሰጠው። የጅማ ታሪክ ያንንም አልሰጠውም።

ስለ ጅማ የተጻፈው ግን ጥቂት አይደለም። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ስለገዙበት ዘመን፣ ለዳግማዊ ምኒልክ ያለ ጦርነት ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ስለማቆየታቸው፣ በጅሬን ኮረብታ ላይ ስለሠሩት ቤተ መንግሥት፣ ሲራራ ነጋዴ ከየአቅጣጫው ስለሚጎርፍበት የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ብዙ ተብሏል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ኸርበርት ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለዚህ መንግሥት አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል። ቡናውማ የራሱ ቤተ መጻሕፍት አለው። ንጉሡ፣ ነጋዴው፣ ቡናው፣ ጣሊያኑ፣ ካድሬው ሁሉም ተራ ደርሷቸዋል። አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ ሰቃ ወይም ጌራ ያደገ ሰው ግን ስለ ልጅነቱ ቢጠየቅ መጀመሪያ ጆሮው ላይ የሚመጣው የወፍጮ ቤቱ "ቱክ ቱክ" ነው። የዚያ ድምፅ ባለቤት ማን ነበር? የመጣውስ ምን ሊያነሣና ምን ሊተክል ነው?

መልሱን ለማግኘት ሞተሩ ከመምጣቱ በፊት ወደነበረው ድንጋይ መመለስ ያስፈልጋል።

ወፍጮ ማለት ያኔ ሁለት ድንጋይ ነው፦ ከታች የተጋደመው ሰፊው፣ ከላይ በሁለት እጅ የሚገፋው መጅ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ፣ የሰውነቷን ክብደት በሙሉ በመጁ ላይ ጥላ፣ እህሉን መጀመሪያ ትሸረክተዋለች፤ ቀጥሎ ታልመዋለች። ለአንድ ቤተሰብ የአንድ ቀን እንጀራ ወይም ቂጣ የሚበቃ ዱቄት ለማውጣት ሰዓታት ይፈጃል። ሥራው የሚሠራው ደግሞ ሌላው ሥራ ሁሉ ካለቀ በኋላ ሌሊት፣ ወይም ሌላው ሥራ ሳይጀመር ጎሕ ሳይቀድ ነው። ድንጋዩ ሲለሰልስ በየጊዜው መወቀር አለበት፤ ያም የራሱ ሥራ ነው። በአፋን ኦሮሞ "ዳኩ" የሚለው ቃል መፍጨትም ነው፣ ዱቄትም ነው። ሥራውና ፍሬው በአንድ ስም መጠራታቸው የአጋጣሚ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ በድንጋይ ለምትፈጭ ሴት ግን በእርግጥም የሚለያዩ አልነበሩም።

እንግዲህ ይህን ወደ ጅሬን አምጥቶ ማሰብ ነው። ቤተ መንግሥት ማለት እንግዳ ማለት ነው፤ እንግዳ ማለት ግብር፣ ግብር ማለት እንጀራ፣ እንጀራ ማለት ዱቄት ነው። በሂርማታ የሚያድረው የሲራራ ነጋዴ ስንቅ ይፈልጋል። የባላባቱ ቤት ሠራተኛውንና ጭሰኛውን ያበላል። ይህ ሁሉ ዱቄት ከየት ይመጣ ነበር? ጅማ በዚያ ዘመን ከታላላቅ የባሪያ ንግድ መናኸሪያዎች አንዷ እንደነበረች የታወቀ ነው። ከየአካባቢው ተይዘው ከመጡት ሰዎች ሁሉም ወደ ባሕር ጠረፍ አልተነዱም፤ ብዙዎቹ እዚያው በየቤቱ ቀርተዋል። ወንዱ ለእርሻ፣ ሴቷ ለውኃ፣ ለእንጨትና ለወፍጮ። የውጭ አገር ተጓዦች በየማስታወሻቸው የንጉሡን አለባበስና የገበያውን ስፋት በዝርዝር ጽፈዋል። የበሉትን እንጀራ ማን እንደፈጨው ለመጠየቅ ግን ብዙም አልደከሙም።

ይህ የጅማ ብቻ ነውር አይደለም። የሰሜኑም መኳንንት ቤት፣ የአዲስ አበባውም ግቢ ፈጪዎቹ ነበሩት። ወደ ዓድዋ የዘመተውን ሠራዊት ተከትለው የሄዱት ሴቶች ከሠሩት ሥራ ትልቁ ማታ ማታ እህል መፍጨት ነበር። ከዚያም ርቆ መሄድ ይቻላል። ኦሪት ዘጸአት የግብፅን ሰው ከላይ እስከ ታች ሲቆጥር ከፈርዖን ዙፋን ይጀምርና የሚያበቃው ወፍጮ ላይ ባለችው ባሪያ ነው፤ ከእርሷ በታች ሰው አልነበረማ! አንቲጳጥሮስ የሚባል የተሰሎንቄ ገጣሚ ደግሞ ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት የውኃ ወፍጮ መምጣቱን ሲያወድስ ምክንያቱ አንድ ነበር፦ ፈጪ ሴቶች ከእንግዲህ ዶሮ ሲጮህ መነሣት አይጠበቅባቸውም። ካርል ማርክስ ይህን ግጥም በ"ካፒታል" ውስጥ ያነሣዋል፤ የሚያነሣው ግን በምሬት ነው። በእርሱ ዘመን መኪናው የሠራተኛውን ቀን አላሳጠረም፣ አራዘመው እንጂ።

ወደ ጅማ እንመለስ። ባርነት በኢትዮጵያ የቀረበት ቀን ሲጠየቅ መልሱ የአዋጅ ዝርዝር ነው። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመት ነጻ የማውጣት ደንብ ወጣ። ጣሊያንም በወረራው ጊዜ "ባሪያ ነጻ አወጣሁ" እያለ ለዓለም ለፈፈ። ከነጻነት በኋላ ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ባርነትን ሙሉ በሙሉ ከለከለ። እነዚህ አዋጆች ቀላል ነገሮች አይደሉም። ነገር ግን አዋጅ ሰውን ነጻ ሲያወጣ ሥራውን አያነሣውም። ትናንት ባሪያዋ የፈጨችው እህል ዛሬም መፈጨት ነበረበት። ሸክሙ ወደ ሚስቲቱ፣ ወደ ልጅቷ፣ ወደ ቤት ሠራተኛዋ ተላለፈ። ብዙውን ጊዜም ነጻ የወጣችው ሴት መሄጃ ስለሌላት እዚያው ቤት፣ እዚያው ድንጋይ ላይ ቀረች፤ የተለወጠው መጠሪያዋ ነው። ስለዚህ በጅማና በዙሪያዋ ከተሞች የባርነት ዘመን በእውነት ከጓዳ የወጣበትን ቀን የሚፈልግ ሰው ከነጋሪት ጋዜጣ ይልቅ ወፍጮ ቤት የተተከለበትን ዓመት ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ያ ዓመት በየከተማው የተለያየ ነው፤ አቅጣጫው ግን አንድ ነው። የሞተር ወፍጮ በአገሪቱ በብዛት መታየት የጀመረው ከጣሊያን ወረራ ወዲህ ነው። ጣሊያኖች ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛታቸው መናገሻ አድርገው መንገድ፣ መጋዘን፣ መሥሪያ ቤትና ሲኒማ ሠሩባት። ዛሬም ፈረንጅ አራዳ የሚባለው ሰፈር ስሙን ከእነርሱ ወርሷል። ወታደርና መንገድ ሠራተኛ የሚበላው ይፈልጋልና ዱቄትም አብሮ መጣ፤ የቃሊቲው የዱቄትና የማካሮኒ ፋብሪካ ውልደቱ ከዚያው ዘመን ነው። ማስረጃው በየወፍጮ ቤቱ ጆሮ ለሰጠ ሁሉ ይሰማል። ሞተሩን ከድንጋዩ ጋር የሚያገናኘው ጠፍር ቺንጋ ነው፤ የሚሽከረከረውን ብረት የሚሸከመው ኩሽኔት ነው፤ የሚጠጣው ናፍታ ነው፤ ቤቱ ከፍ ካለ ደግሞ ፋብሪካ ይባላል። ጣሊያን ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ከጅማ ተነቀለ፤ የመሣሪያዎቹ ስም ግን አልተነቀለም። ጥቂት ጣሊያናውያንም ንጉሠ ነገሥቱ የእጅ ሙያ ያላቸው እንዲቆዩ በመፍቀዳቸው መካኒክ፣ ግንበኛና ወፍጮ ተካይ ሆነው ቀርተዋል።

ከዚያ ቡናው አነሣው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የዓለም የቡና ዋጋ እየወጣ ሄዶ በ1946 ዓ.ም. ገደማ ጣሪያ ነካ። አጋሮና አካባቢዋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሌላ ሆኑ። ከወሎ፣ ከጉራጌ፣ ከዳውሮ፣ ከከፋ ለቡና ለቀማ የመጣ ሰው ሁሉ ይበላል፤ ለቃሚው ደግሞ ሚስቱንም ድንጋዩንም ይዞ አልመጣም። ስለዚህ ወፍጮ ቤት መክፈት አዋጭ ሆነ። ቡናው ገንዘብ አመጣ፣ ገንዘቡ ናፍታ ገዛ፣ ናፍታው በቆሎ ፈጨ። ቡና በማይበቅልበት ደጋ ያለች ሴት በድንጋይ ስትፈጭ በቡናው አገር ያለችው ቀደም ብላ ማረፏ በአጋጣሚ አይደለም።

ባለ ወፍጮው ማን ነበር? ብዙውን ጊዜ የውጭ ሰው ነው፤ ከሌላ አገር ወይም ከሌላ አውራጃ የመጣ፣ መሬት የሌለው፣ ሞተር የሚያውቅ። ይህ አስፈላጊ ነው። የአገሩ ባላባት መሬት እያለው ድምፁ በሚያደነቁር ቤት ውስጥ ዱቄት ለብሶ መዋል ክብሩ አልነበረም። መፍጨት ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የሴትና የባሪያ ሥራ ነበር፤ ወንድ ከመጁ ጋር አይታይም። ሞተሩ ሲመጣ ግን ሥራው በአንድ ሌሊት የወንድ ሆነ። በድንጋይ ሲፈጭ ክፍያ የሌለው፣ የሚያሳፍር፣ የሴት ሥራ ነበር። በሞተር ሲፈጭ ክፍያ ያለው፣ ሙያ የሚባል፣ የወንድ ሥራ ሆነ። እህል ተሸክማ የምትመጣው፣ ተራ የምትጠብቀው፣ ዱቄቱን ተሸክማ የምትመለሰው ግን ያው እርሷ ናት። ይህን የሥራ ሽግሽግ ማንም አላወጀውም፣ ማንም አልተከራከረበትም።

ሆኖም ባለ ወፍጮውን ዘራፊ ብቻ አድርጎ ማየት አይገባም፤ ኑሮው ቀላል አልነበረም። ሳንባው ዱቄት ይተነፍሳል፤ ጆሮው ከጊዜ በኋላ ይደነቁራል፤ ሰው ሲያናግረው ጮክ ብሎ የሚመልሰው ለዚህ ነው። ቺንጋው ነጠላ ወይም የቀሚስ ጫፍ ከያዘ አይለቅም፤ ስለዚህ ጠዋት ሥራው የሚጀምረው በቁጣ ነው፦ "እትዬ፣ ነጠላውን አጥብቂው!" ድንጋዩ ሲለሰልስ ሞተሩን አቁሞ ይወቅራል። በርበሬ የተፈጨበት ላይ ጤፍ ቢጨምር ሰፈሩ በሙሉ ያብድበታል፤ ስለዚህ ተራ ማስያዝ ራሱን የቻለ ዳኝነት ነው። አንዱ ዱቄት ሲያልቅ የሌላው ሲጀመር በመካከል የሚደባለቀው እፍኝ የማን ነው የሚለው ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘም። ፈጪው በሚዛኑ ሁልጊዜ ይጠረጠራል፤ በእንግሊዝም በቻውሰር ዘመን ባለ ወፍጮ ሌባ ነው ይባል ነበርና ጅማ ብቻዋን አይደለችም።

ደግሞም የሰፈሩን ሚስጥር ሁሉ ያውቃል። ሁልጊዜ አንድ ኩንታል የሚያስፈጨው ቤት ግማሽ ማምጣት ሲጀምር ከጎረቤት ቀድሞ የሚያየው እርሱ ነው። ጤፍ ያስፈጭ የነበረው ወደ በቆሎ ሲወርድ ያያል። ሠርግ ያለበትን፣ ተዝካር ያለበትን፣ ልጅ የወለደችውን ከከረጢቱ ያነባል። ለዱቤ የተመዘገበበት ደብተሩ ቢገኝ ከብዙ የግብርና ሚኒስቴር ሪፖርት ይልቅ የአንድን ወረዳ ረሃብ ያሳይ ነበር። በወረፋውም ቤት ሴቶቹ ይገናኛሉ፤ ባል የሌለበት፣ አማት የሌለችበት፣ ሞተሩ ስለሚጮህ ማንም የማይሰማው ብቸኛ ስብሰባ ነው።

ደብተሩ ግን አልተገኘም፤ ችግሩም ይኸው ነው። በጣሊያን ፍሪዩሊ በምትባል አውራጃ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሜኖኪዮ የሚባል ባለ ወፍጮ ነበር። ስለ ዓለም አፈጣጠር የራሱን ሐሳብ ሲያወራ በቤተ ክርስቲያን ችሎት ተከሶ በመጨረሻ ተገደለ። ታሪክ ጸሐፊው ካርሎ ጊንዝቡርግ እ.ኤ.አ. በ1976 ያንን የክስ መዝገብ ይዞ "አይቡና ትሎቹ" የተባለ ዝነኛ መጽሐፍ ጻፈለት። ሜኖኪዮ የሚታወቀው መርማሪዎቹ እያንዳንዱን ቃሉን ስለጻፉ ነው። የጅማው ባለ ወፍጮ አልተከሰሰም፤ ስለዚህ አልተጻፈም። ግብር የከፈለበት ደረሰኝ ካለ ካለ በአንድ ማዘጋጃ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ምስጥ እየበላው ይሆናል።

በ1967 ዓ.ም. አብዮቱ መሬትን ከባላባት ወስዶ የገበሬ ማኅበራትን አቋቋመ። የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተከተሉ። ከእነዚህ ማኅበራት ንብረቶች ዋናው ወፍጮና ሱቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደርግ በገጠር ከሠራቸው ነገሮች ሴቶች በበጎ የሚያነሡት አንዱ ይህ ነው፤ ነጋዴ በማይደርስበት ቀበሌ ወፍጮ ገባ። ፈጪው ግን ከእንግዲህ የራሱ ሰው አይደለም፤ የማኅበሩ ተቀጣሪ ነው። በላዩ ኮሚቴ አለ፣ በኮሚቴው ላይ ካድሬ አለ፣ ናፍታ በኮታ ነው። መለዋወጫ ሲጠፋ ሞተሩ ወራት ይቆማል። ቴድ ሳንዲማን አባቱ የራሱ ጌታ በነበረበት ወፍጮ ላይ የሌላ ሰው መዘውር ጠራጊ ሆነ እንደተባለው ነው፤ ልዩነቱ የጅማው ወፍጮ ብዙውን ጊዜ ጭስም ሳይተፋ መቆሙ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ በአገሪቱ በብዙ ቦታ የማኅበራቱ ንብረት ተዘረፈ። ከዚያ ወፍጮው ወደ ግለሰብ ተመለሰ።

እስካሁን የተነገረው ስለ እህሉ ወፍጮ ነው። በቡናው አገር ሌላም ወፍጮ አለ፤ ከእህሉ ይልቅ ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው።

ቡናም ድሮ በእጅ ነበር፤ በሙቀጫና በዘነዘና። በዛፉ ላይ ወይም መሬት ላይ የደረቀው ጀንፈል ይወቀጣል፣ ገለባው በሰፌድ ይነፋል። ለቤት የሚፈላ ቡና ያንን ይችላል፤ ለላኪ የሚሸጥ አይችልም። መቀሸሪያው ሞተር ሲመጣ ገበሬው ከነጋዴው ጋር የነበረው ግንኙነት ተለወጠ። 100 ኪሎ ጀንፈል ሲቀሸር የሚወጣው ንጹሕ ቡና ወደ 50 ኪሎ ይጠጋል። "ይጠጋል" በምትለው ቃል ውስጥ ነው ጭቅጭቁ ሁሉ። 50 ይሁን 45፣ የተሰበረው ፍሬ ስንት ይሁን፣ ገለባው የማን ነው፣ እርጥበቱ ስንት ነው የሚለውን የሚያውቀው መቀሸሪያው ያለው ሰው ብቻ ነው። መሬት ያለው ገበሬ፣ ዛፍ ያለው ገበሬ፣ ጉልበት ያለው ገበሬ፣ መኪናው ስለሌለው ቡናውን ከነገለባው ይሸጣል። በአጋሮ የታየው ሀብት በከፊል ከዚህች ክፍተት የወጣ ነው። ከእህል ወፍጮ ጀምሮ መቀሸሪያ የተከለ፣ ከመቀሸሪያ የጭነት መኪና የገዛ፣ ከጭነት መኪና ፎቅ የሠራ ነጋዴ በየከተማው አለ።

ይህ ደረቅ አሠራር ለጅማ ቡና ስም ጥሩ አልነበረም። በዓለም ገበያ "ጅማ 5" የሚባለው ደረጃ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሚታወቀው በርካሽነቱ ነው። ከዚሁ ዞን ታጥቦ የወጣው ቡና ደግሞ "ሊሙ" እየተባለ በተሻለ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ዛፉ ተመሳሳይ፣ አፈሩ ጎረቤት፤ ልዩነቱ በአብዛኛው ወፍጮው ነው። ቀይ እሸት በተለቀመበት ቀን ከተፈለፈለና ከታጠበ አንድ ቡና ነው፤ መሬት ላይ ተሰጥቶ ዝናብ ከነካው ሌላ ቡና ነው።

ለዚህ ግልጽ ምስክር በጎማ ወረዳ የተቋቋመው የዱሮሚና ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ስሙ በአፋን ኦሮሞ ባለጠጋ መሆን ማለት ነው። ገበሬዎቹ ቴክኖሰርቭ ከተባለው ድርጅት ሥልጠናና ድጋፍ አግኝተው የእሸት ቡና መፈልፈያ ተከሉ። ከጥቂት ዓመት በፊት "ጅማ 5" ተብሎ ከጅምላው ጋር ይደባለቅ የነበረው የዚያ መንደር ቡና እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ የቡና ጣዕም ውድድር አንደኛ ወጣ። በሁለት ዓመት ውስጥ ዛፍ አይለወጥም። የተለወጠው መፈልፈያውና የመፈልፈያው ባለቤት ነው። 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ያህል እሸት ይፈልጋል፤ ያንን ስሌት አሁን የሚሠራው ገበሬው በራሱ ጓሮ ነው።

ስሙ ግን ሌላ መንገድ ነበረው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ቡና በዚያ በኩል እንዲያልፍ ሲደረግ የግል ፈልፋዩ ቡና መጋዘን ደርሶ ደረጃ ይሰጠውና ከሌላው ጋር ይቀላቀላል። የወረዳው ስም ይቀራል፣ የፈልፋዩ ይጠፋል። በራሳቸው ዩኒየን በኩል በቀጥታ የሚልኩት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ግን ከዚህ አመለጡ። ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ አዋጅ ቁጥር 1051 መንገዱን ከፈተ፤ የግሉም ማጠቢያ ጣቢያ በስሙ መላክ ቻለ። ዛሬ ቶኪዮ ወይም ኦስሎ ውስጥ በሚሸጥ የቡና ከረጢት ላይ የአጋሮ ወይም የጌራ ማጠቢያ ጣቢያ ስም ከነባሕር ወለል ከፍታው ተጽፎ ይገኛል። ከሁለቱ ፈጪዎች አንዱ በመጨረሻ ተጻፈ። ያንን ከረጢት የሚገዛ ሰው መንደሩን በካርታ ፈልጎ ያገኛል፤ በመጋዘኑ ውስጥ ቁጭ ብለው መጥፎውን ፍሬ በእጃቸው የሚለቅሙት ሴቶች ስንት እንደሚከፈላቸው ግን ከረጢቱ ላይ የለም።

ሌላም ከረጢቱ ላይ የሌለ ነገር አለ። የእሸት መፈልፈያ ውኃ ይፈልጋል፤ ከፈለፈለ በኋላም ያንኑ ውኃ ከነገለባውና ከነሙጫው ይለቀዋል። በለቀማው ወራት በጅማ ዙሪያ ያሉ ወንዞች መጥቆርና መሽተታቸው አዲስ ወሬ አይደለም፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ ጽፈውበታል። ቶልኪንም የአዲሱን ወፍጮ ክፋት ሲገልጽ ወንዙን ማበላሸቱን ይጠቅሳል። እዚያ መንደርተኛው ተነሥቶ ሁሉንም ያስተካክለዋል፤ እዚህ ግን መፈልፈያው የመንደርተኛው የራሱ እንጀራ ነው። እንሥራ ይዛ ራቅ ወዳለው ምንጭ የምትሄደው ሴት ባሏ የማኅበሩ አባል ሊሆን ይችላል።

የእህሉ ወፍጮ ደግሞ በዚህ ጊዜ ውስጥ ዝም አለ። በብዙ ከተማ "ቱክ ቱክ" የሚለው የለም፤ ኤሌክትሪክ ተክቶታል። ከጅማ ብዙም በማይርቀው ቦታ የተሠራውና 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጊልገል ጊቤ አንድ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ሽቦው ወደ ገጠር ከተሞች ሲደርስ ባለ ወፍጮው ናፍታውን ትቶ ወደ መብራት ዞረ፤ ርካሽም ነው፣ ጸጥተኛም ነው። ግን ናፍታ በበርሜል ይቀመጥ ነበር። መብራት አይቀመጥም። ትግራይ በጦርነቱ ወራት መብራቱም ነዳጁም በአንድ ጊዜ ሲቋረጥባት ወፍጮ ቤቶቹ ቆሙ፤ እናቶቻቸው የጣሉትን ድንጋይ ልጆቻቸው ፈልገው አነሡ። ከአንድ ትውልድ በላይ የወሰደ ለውጥ ወደኋላ ለመመለስ ሳምንታት በቂ ሆነው ተገኙ።

ጅማ ያ አልደረሰባትም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን ከውጭ የሚመጣው ኩሽኔትም፣ ቺንጋም፣ ሞተርም ዋጋው በብር ሌላ ሆኗል። የማስፈጫው ክፍያም ተከትሎታል። ቡና ላኪው ዶላር ያገኛል፤ በቆሎ ፈጪው ብር ነው የሚያገኘው፣ ያውም በሳንቲም እየተጨቃጨቀ።

ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ለቀማው በደራበት ሰሞን፣ በአንዲት የቡና ከተማ ማታ መብራት ሲጠፋ ሁለቱ ወፍጮዎች እኩል አይጨልሙም። የእሸት መፈልፈያው ብዙውን ጊዜ ጄኔሬተር አለው፤ እሸት ካደረ ይበላሻል፣ ደረጃው ይወርዳል፣ ኪሳራው ይታወቃል። ስለዚህ ከኮረብታው ላይ መብራቱ መልሶ ይበራል፣ ሞተሩም ይሰማል። የእህል ወፍጮው ጄኔሬተር የለውም። ፈጪው በሩ ላይ ወጥቶ ዱቄቱን ከልብሱ እያራገፈ "ነገ ኑ" ይላል። ወረፋ የያዙት ሴቶች ገሚሱ ከረጢታቸውን እዚያው ትተው፣ ገሚሱ መልሰው ተሸክመው ይሄዳሉ። ለነገ ቂጣ ዱቄት የሌላት አንዷ ቤቷ ደርሳ ከጓሮ፣ ዶሮ የሚተኛበት ጥግ፣ የአማቷን መጅ ትፈልጋለች።